ልጅ ይዞ መማር፦ ሒሳቡ የሚሞላው በማን ነው?



በየዓመቱ ከመካከላችን ኒካሕ የሚያስሩ አሉ። አልሐምዱሊላህ፣ ደስታቸው ደስታችን ነው፤ አብረን እናደምቃለን፣ ዱዓ እናደርጋለን። ልጅ ሲመጣ ግን ብዙዎቻችን ዝም እንላለን። እህታችን ለወሊድ ወደ ቤተሰቦቿ ትሄዳለች፤ ሴሚስተሩ ያልቃል፣ ሌላው ይጀመራል፣ ስሟም ከክፍሉ ዝርዝር ይወጣል። የት ደረሰች ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ነገሩ ከተነሳም መልሱ አጭር ነው፦ “ልጅና ትምህርት አብሮ አይሄድም፤ አልቻለችም።”

በዚህ ጽሑፍ “አልቻለችም” የሚለውን ቃል እንመረምራለን። እኛ እንደምናየው ጉዳዩ የአንዲት እህት ጥንካሬ ወይም ድክመት አይደለም፤ የሰዓት ጉዳይ ነው። ሰዓቱም የሚሞላው ሥራው ሲከፋፈል ብቻ ነው። ከመድረሳ የተማርነውም ሆነ ክፍል ውስጥ የምንሠራው ሒሳብ ወደዚሁ ይወስደናል።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ

ሳምንት 168 ሰዓት ነው። አንድ መደበኛ ተማሪ በሴሚስተር 30 ኢሲቲኤስ ይወስዳል እንበል። አንድ ኢሲቲኤስ ክላሱን፣ ላቡን፣ አሳይመንቱንና የግል ጥናቱን ጨምሮ ቢያንስ 25 ሰዓት ሥራ ነው። ስለዚህ 750 ሰዓት ይሆናል፤ ለ16 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት ወደ 47 ሰዓት ይደርሳል።

አዲስ የተወለደ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። ዝቅተኛውን ይዘን፣ ለአንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ብንሰጥ በቀን 4፣ በሳምንት 28 ሰዓት ነው። እንቅልፍ በቀን 7 ሰዓት ቢሆን በሳምንት 49 ይሆናል፤ ያውም የተቆራረጠ እንቅልፍ ነው። አምስቱ ሶላት ከነውዱኣቸው በአማካይ ለእያንዳንዱ 15 ደቂቃ ቢያዝላቸው በሳምንት ወደ 9 ሰዓት ይመጣሉ።

ድምሩ 133 ነው። የቀረው 35 ሰዓት፣ ማለትም በቀን 5 ሰዓት ነው። በዚህ 5 ሰዓት ውስጥ ምግብ ይበስላል፣ ይበላል፣ ልብስ ይታጠባል፣ ሕፃኑ ይታጠባል፣ ሲያለቅስ ይባባላል፣ ጤና ጣቢያ ይኬዳል፣ ከቤት ግቢ መመላለስ አለ፣ የቁርኣን ዊርድም አለ። አይበቃም።

ቢበቃ እንኳ አይገጥምም። ክላሱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይጀምራል፤ ሕፃኑ የሚርበው ደግሞ በራሱ ሰዓት ነው። ላብ ላይ ሙከራው ተጀምሮ መሃል ላይ አይቋረጥም። ችግሩ የሰዓቱ ማነስ ብቻ ሳይሆን ሁለት የማይገናኙ ፕሮግራሞች በአንድ ሰው ላይ መውደቃቸው ነው። ብርቱ የሆነችም እህት ለብቻዋ ይህን ሒሳብ መሙላት አትችልም።

አሁን ቁጥሩን እንቀይረው። አባትየው በየምሽቱ 2 ሰዓት ሕፃኑን ቢይዝ በሳምንት 14 ሰዓት ነው። ሁለት እህቶች በሳምንት ሦስት ቀን ለየራሳቸው አንድ ሰዓት ተኩል ቢይዙላት 9 ሰዓት ይጨመራል። የቀረው 35 ሰዓት ወደ 58 ያድጋል፤ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ ማለት ነው። ማንም ጀግና አልሆነም፤ ሥራው ተከፋፈለ እንጂ።

ዲናችን ሥራውን ለማን ሰጠው?

በሱረቱል በቀራህ 233ኛው አንቀጽ ላይ አላህ (ሱ.ወ.) የጡት ማጥባትን ጉዳይ ሲገልጽ እናትን ብቻ አላናገረም። ማጥባቱን ሙሉ ማድረግ ለሚፈልግ ሁለት ዓመት ተጠቅሷል፤ ወዲያው ደግሞ የእናትየው ምግብና ልብስ በአግባቡ በአባትየው ላይ ግዴታ መሆኑ ይነገራል። ማንም ከአቅሙ በላይ እንደማይገደድ፣ እናትም አባትም በልጃቸው ምክንያት እንዳይጎዱ ይደነግጋል። ጡት ማስጣል ቢፈልጉ በሁለቱ ፈቃድና ምክክር መሆኑን፣ ሌላ አጥቢ መቅጠርም እንደሚቻል ይገልጻል። በአንድ አንቀጽ ውስጥ የእናት ድርሻ፣ የአባት ወጪ፣ ምክክርና የሌላ ሰው እገዛ ተሟልተው ይገኛሉ። ለብቻዋ ትወጣው የሚል የለበትም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የልጅ ልጃቸውን ኡማማን ተሸክመው እንደሰገዱ፣ ሩኩዕና ሱጁድ ሲያደርጉ አስቀምጠው ሲነሱ መልሰው እንደሚያነሷት ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ሶላትን ሊያስረዝሙ አስበው ሳለ የሕፃን ለቅሶ ሲሰሙ ለእናትየው አዝነው ያሳጥሩ እንደነበርም እንዲሁ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ደግሞ በቤት ውስጥ ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደነበር ተናግራለች። ኢማማችን ለሕፃን ለቅሶ ሶላትን ካሳጠሩ እኛ የግሩፕ ስብሰባችንን ሰዓት ለአንዲት አጥቢ እህት ብንቀይር ምን ይጎድልብናል?

“ልጅ በዕድሉ ያድጋል” የሚባለው ተወኩል ያለበት ከሆነ ጥሩ ነው። ነገር ግን ግመሏን አስሮ መመካት እንጂ ፈትቶ መመካት አልተማርንም። ወንድሞች ሆይ! ልጁን መያዝ “ማገዝ” አይባልም፤ ድርሻችሁ ነው። አባትየው ራሱ ተማሪ ቢሆንም ያው ነው፤ ፈተና ያላት እሷም ናት።

ከወሊድ በፊት፦ ሬጅስትራርና ዲፓርትመንት

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ከነደመወዙ ይሰጣል። ይህ ግን ለሠራተኛ ነው። ተማሪን የሚገዛው የዩኒቨርሲቲው ሴኔት ሌጅስሌሽን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ይህን ሰነድ ማግኘትና ስለ ክትትል፣ ስለ ሜካፕ ፈተና፣ ስለ ዊዝድሮዋልና ስለ ሪአድሚሽን የሚሉትን ክፍሎች ማንበብ ነው። ቀነ ገደቦቹ ከግቢ ግቢ ስለሚለያዩ ከጓደኛ በሰሙት አትወስኑ።

እህቶቻችንን ከሁሉ በላይ የሚጎዳቸው ፎርም ሳይሞሉ መሄድ ነው። በሥርዓት ዊዝድሮዋል የሞላችና ክሊራንስ የወሰደች ተማሪ የምትመለስበት በር ክፍት ነው። ዝም ብላ የሄደች ግን ያልተፈተነችባቸው ኮርሶች ኤፍ ሆነው ሊጠብቋት፣ መመለሷም ራሱ ጥያቄ ሊሆን ይችላል። ያቺ “አልቻለችም” የተባለችው እህት ምናልባት ያጣችው አንድ ፎርምና አንድ ፊርማ ነው።

ታዲያ ለምን ሳይሞሉ ይሄዳሉ? ብዙ ጊዜ ወሬ ፈርተው ነው። እርግዝናዋ እስኪታወቅባት ትደብቃለች፤ ለዲፓርትመንት ኃላፊ መንገር ታፍራለች፤ ከታወቀ በኋላ ደግሞ ቀኑ ያልፋል። በኒካሕ ያረገዘች እህት የምታፍርበት ምንም ነገር የለም። የምናሳፍራት እኛ ነን፣ በሐሜታችን። ሐሜት ሐራም መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ እዚህ ላይ ግን ከወንጀልነቱ ባሻገር የአንዲትን እህት ዲግሪ ሊያስቀር እንደሚችል እናስተውል።

ዊዝድሮዋል ስትወስኑም ዋጋውን አስሉት። በብዙ ዲፓርትመንቶች አንድ ኮርስ የሚሰጠው በዓመት አንዴ ነው። ስለዚህ አንድ ሴሚስተር መልቀቅ አንድ ዓመት ሊወስድ ይችላል። ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና ስላለ በእረፍቱ ዓመት ኖቶችን ከነጭራሹ መዝጋትም አይመከርም። ምርጫው ግን ሁለት ብቻ አይደለም። ግቢው ከፈቀደ ጥቂት ኮርሶችን ብቻ ይዞ መቀጠል አለ። ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ደግሞ የኢንተርንሺፕ ሴሚስተር ትልቅ ዕድል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 4ኛ ዓመት ላይ ይመጣል፣ የሚሠራበትን ድርጅት እናት ወይም አማት በሚኖሩበት ከተማ መፈለግም ይቻላል።

ነፍሰ ጡር እያላችሁ የኬሚካል ላብ ወይም ከባድ የወርክሾፕ ሥራ ካለ ለላብ አሲስታንቱ አስቀድማችሁ ንገሩ። ይህ የአፋርነት ሳይሆን የጤና ጉዳይ ነው።

ሴሚስተሩ ከተጀመረ በኋላ

የዓለም ጤና ድርጅት እስከ 6 ወር የእናት ጡት ወተት ብቻ፣ ከዚያ በኋላ ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ ማጥባትን ይመክራል። ክላስ ላይ ላለች እናት መፍትሔው አልቦ ማስቀመጥ ነው። በንጹሕ እጅ፣ ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ የታለበ ወተት እስከ 25 ዲግሪ ባለው ክፍል ውስጥ እስከ 4 ሰዓት፣ በፍሪጅ ደግሞ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ያለው የክላስ ጊዜ ልክ 4 ሰዓት መሆኑን ልብ በሉ። እንደ ሰመራና ድሬዳዋ ባሉ ሞቃት ቦታዎች ግን ክፍሉ ከ25 ዲግሪ በላይ ስለሚሆን ያለ ፍሪጅ በዚህ ሰዓት አትተማመኑ። ወተቱን እሳት ላይ አታፍሉት፤ ዕቃውን ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ ማቆየት ይበቃል። ሕፃኑ ጠጥቶ የተረፈው ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ።

የክትባቱን ፕሮግራም ከአካዳሚክ ካላንደሩ ጎን ጻፉት። ከተወለደበት ቀን ክትባት በኋላ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይከተባል፤ የኩፍኝ ክትባት በ9ኛውና በ15ኛው ወር ነው። ለምሳሌ ሕፃኑ ሴሚስተሩ ሊጀመር 2 ሳምንት ሲቀረው ቢወለድ ሦስቱ ክትባቶች በሴሚስተሩ 4ኛ፣ 8ኛና 12ኛ ሳምንት ላይ ያርፋሉ። 8ኛው ሳምንት ደግሞ የሚድ ፈተና ሰሞን ነው። ሕፃን ከተከተበ በኋላ ሊያተኩስና ሌሊቱን ሊያለቅስ ስለሚችል በዚያ ሌሊት ተራው የአባት መሆኑ ከአሁኑ ይታወቅ።

ጥናትን በተመለከተ ረጅም ሰዓት መጠበቅ አያዋጣም። ሕፃኑ ሲተኛ የሚገኘው 30 ወይም 40 ደቂቃ ለአንድ ጥያቄ መሥሪያ ይበቃል፤ ምን እንደሚሠራበት ግን ማታ ተወስኖ ይደር። ረመዳን ከመጣ፣ ለራሷ ወይም ለልጇ የምትሰጋ አጥቢ ማፍጠር እንደሚፈቀድላት ዑለማዎች ተናግረዋል፤ በቀዳኡና በፊድያው ላይ ልዩነት ስላላቸው የምታምኑትን ኡስታዝ ጠይቁ።

ጀመዓችን ምን ይሥራ?

ዶርም ለተማሪ እንጂ ለሕፃን አልተዘጋጀም። ስለዚህ እናት የሆነች እህት ኖን ካፌ ሆና ከግቢ ውጭ ቤት ትከራያለች፤ ወጪውም ብቸኝነቱም አብሮ ይመጣል። ከእኛ የሚጠበቀው ብዙ ገንዘብ ሳይሆን ሥርዓት ነው፦

1. የእህቶች ዘርፍ በየሴሚስተሩ መጀመሪያ የተራ ዝርዝር ያውጣ። በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል የምትሰጥ እህት ትመዝገብ፤ ቃል የገባችበትን ሰዓት አማና አድርጋ ትያዝ።

2. በየዲፓርትመንቱ ኖት፣ ሃንድአውትና የፈተና ማስታወቂያ የሚያደርስላት አንድ ኃላፊ ይመደብ። አራስ ቤት እያለች ፈተና ያለፋት ሳታውቅ ነው እንዳይባል።

3. ግቢ በር አካባቢ ለሕፃን የሚሆኑ፣ ውኃ ያላቸው ቤቶች ዝርዝር ይያዝ። የሚወጡ ተመራቂዎች ለሚገቡት እናቶች ያስረክቡ።

4. ጉዳዩ ለተማሪዎች ዲንና ለጀንደር ኦፊስ በጽሑፍ ይቅረብ። በ2010 የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር። ግቢያችን ለሠራተኞቹ ማቆያ ካለው ለተማሪ እናቶችም ጥቂት ቦታ እንዲሰጥ መጠየቅ ነውር የለውም። ይህ የሙስሊም እህቶች ብቻ ሳይሆን የሁሉም ተማሪ እናቶች ጥያቄ ስለሆነ ከሌሎችም ጋር ሆነን እናቅርበው።

5. መስጂድ ውስጥ ሕፃን ሲያለቅስ ዞር ብሎ መገላመጥ ይቅር። ያቺ እናት ዛሬ ከተሸማቀቀች ነገ ደርስም ጀመዓም አትመጣም።

በመጨረሻም፣ አሁን ከመካከላችሁ ፎርም ሳትሞላ ወደ ቤተሰቧ የሄደች እህት የምታውቁ ካላችሁ ዛሬውኑ ደውሉላት። መቼ ትመለሻለሽ ብላችሁ አታስጨንቋት፤ ሬጅስትራር ምን እንደሚል ጠይቃችሁላት መልሱን ንገሯት። የሪአድሚሽን ማመልከቻ ቀን ሳያልፍ አንድ ሰው ቢሮ መሄድ ይበቃል፣ ያ ሰው ደግሞ እናንተ መሆን ትችላላችሁ።

አላህ ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ ያድርግልን፤ የሚማሩትን እናቶችና አባቶች ያግዛቸው፤ እኛንም ከሚያግዙት ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።