መጽሐፍ ሲገኝ አንባቢ እንዳይጠፋ

መጽሐፍ ሁለት ጠላት አለው። አንደኛው እሳትና ምስጥ፥ ዘረፋም ነው፤ ሁለተኛው አንባቢ ማጣት ነው። ፊተኛው ብራናውን ያጠፋል፤ ሁለተኛው ግን ብራናው ደኅና ሳለ ቃሉን ያጠፋል። በዘመናችን የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ፊተኛውን ጠላት ለመከላከል ብዙ ደክመዋል፤ ስለ ሁለተኛው ግን ገና የሚሠራ ስላለ ጥቂት መናገር ይገባናል።

በአሜሪካ በሚኒሶታ፥ በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፥ ሂል የተባለ የብራና መጻሕፍት ቤት አለ፤ የተመሠረተውም በ1965 ነው (ዓመቱ እዚህም ከዚህ በታችም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ከ1973 ጀምሮ በኢትዮጵያ አድባራትና ገዳማት የሚገኙት መጻሕፍት በፊልም እንዲነሡ ተደርጎ 9,000 ያህል ተነሥተዋል። በዚህ ሥራ ብራናው ከባለቤቱ እጅ አልወጣም፤ የተወሰደው ምስሉ ብቻ ነው። የግዕዙ ሊቅ ጌታቸው ኃይሌም በዚያ ቤት ብዙ ዘመን ተቀምጠው የመጻሕፍቱን ይዘት እየመረመሩ በዝርዝር ጽፈዋል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ቤቱ በኢንተርኔት የንባብ ክፍል ስለ ከፈተ፥ ስሙን ያስመዘገበ ሰው ሁሉ ያለ ዋጋ ገጹን እየገለጠ ማንበብ ይችላል።

በአገራችንም በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፥ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፥ መጽሐፉን ከሙዚየሙ ጋራ አስተባብሮ ለተማሪም ለጎብኚም ያቀርባል። በሎንዶን ያለው የእንግሊዝ ቤተ መጻሕፍትም በ2018 የኢትዮጵያን ብራናዎች በትርኢት አሳይቷል። ከመቅደላ በ1868 ተወስደው እዚያ ከገቡት 350 ያህል መጻሕፍት ውስጥ ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የሰበሰቧቸው ብዙዎች ናቸው። እንግዲህ የጎንደር ሰው የአባቶቹን መጽሐፍ ለማየት የባሕር ማዶ መስኮት ይመለከታል ማለት ነው።

ይህ ነገር ከማንኛውም አገር ይልቅ እንፍራንዝን ይነካል። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ይህች ከተማ በአቅራቢያዋ በሚገኘው በጉዛራ ግንብ ትታወቃለች፤ በመጽሐፍም ስም አላት። ሐተታ በተባለው መጽሐፍ እንደ ተጻፈው፥ የአክሱሙ ዘርዐ ያዕቆብ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ሸሽቶ በዋሻ ሲኖር ዳዊቱን ይዞ ይጸልይ ነበር። በኋላም ወደ እንፍራንዝ መጥቶ፥ ሀብቱ በተባለ ባለጠጋ ቤት መጽሐፍ እየጻፈና ልጆች እያስተማረ ኖረ፤ ሐተታውንም በ1667 ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወት ቢለምነው ጻፈው።

የዚህ መጽሐፍ ቅጂ ግን ዛሬ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ኢጣልያዊ ካህን ለአንቷን ዳባዲ ልኮት ነበር። በ1920 ኮንቲ ሮሲኒ «ደራሲው ራሱ ጁስቶ ነው» የሚል ክርክር አነሣ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ክላውድ ሰምነር ደግሞ የዘርዐ ያዕቆብ ነው ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተቋረጠም። ታዲያ የግዕዙን ጠባይ፥ የዳዊቱን ጥቅስ፥ የአነጋገሩን ለዛ ከቅኔ ቤትና ከመጻሕፍት ቤት መምህር ይልቅ ማን ሊመዝን ይችላል? እነዚህ ሰዎች ገጹን ሳያዩት ክርክሩ ቢያልፍ ጉዳቱ የእንፍራንዝ ብቻ አይደለም፤ የእውነትም ጉዳት ነው።

ዛሬ የአብነት ተማሪ ንባቡን ያውቃል፤ ምስሉ ያለበትን መሣሪያ ግን አያገኝም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መሣሪያውን ያውቃል፤ ግዕዙን ግን ብዙ ጊዜ አያውቅም። አንዱ ዓይን፥ ሁለተኛው መብራት ይዞ ተለያይቶ የሚኖር ይመስላል። ስለዚህ አዲስ መሣሪያ ገዝቶ አዳራሽ ማስጌጥ ብቻ አይበቃም፤ ሁለቱን በአንድ ገበታ ማስቀመጥ ይገባል።

ለዚህ ታላቅ ሕንፃ አያስፈልግም። በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለእንፍራንዝ ቅርብ ነው። በከተማዋ አንድ ክፍል ተሰጥቶ፥ ምስሎቹ ከባለቤቶቹ በፈቃድ ተገኝተው፥ በመሣሪያ ተከማችተውና በወረቀት ታትመው ቢቀመጡ፥ መብራትና መስመር ሲጠፋም ንባቡ አይቋረጥም። የመግለጫው ጽሑፍ በአማርኛ ይሁን፤ አንድ የኔታም ደመወዝ ተቆርጦላቸው ከተማሪው ጋራ ይቀመጡ፤ የሚያርሙትም ለቤተ መጻሕፍቱ ይላክ።

አንዳንዶች የመጽሐፍ ምስል ከተነሣ መጽሐፉ ለሌባ ይታያል ብለው ይሰጋሉ። ስጋታቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከዚህ በፊት ብዙ ተወስዷልና። ነገር ግን ምስሉና መዝገቡ የተቀመጠለት መጽሐፍ ቢሰረቅ በየትም ቢታይ የማን እንደ ሆነ ይታወቃል፤ ምስል የሌለው ግን ከጠፋ ምስክር የለውም።

ብራናው ወደ ቤቱ እስኪመለስ ድረስ ጥያቄው ይቀጥል፤ እስከዚያው ግን ቃሉን የሚያነብ ሰው ማዘጋጀት በእጃችን ነው። መጽሐፉ በተመለሰ ቀን የሚያነበው ከጠፋ፥ የሚመለሰው ቆዳ ብቻ ይሆናልና።