ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ፦ በአሜሪካ ለሚማሩ ኢትዮጵያውያን ስለ ክሬዲት ዝውውር የተሰጠ ማብራሪያ

በአሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በዋነኛነት የሁለት ዓመት ትምህርት የሚሰጥ ተቋም ነው። ክፍያው በአብዛኛው ከዩኒቨርሲቲ ያነሰ በመሆኑ በርካታ ተማሪዎች ትምህርታቸውን በዚያ ጀምረው ወደ ዩኒቨርሲቲ ይዛወራሉ። በሴሚስተር ሥርዓት ለአሶሺየት ዲግሪ ብዙውን ጊዜ 60፣ ለመጀመሪያ ዲግሪ ደግሞ 120 ያህል ክሬዲት ያስፈልጋል። በመሆኑም ዝውውሩ አስቀድሞ ከታቀደ የመጀመሪያ ዲግሪው ግማሽ በኮሌጅ ሊጠናቀቅ ይችላል።

የተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ውሳኔ

ክሬዲት የመቀበል ሥልጣን የተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዩኒቨርሲቲው የኮሌጁን ዕውቅና፣ የኮርሱን ይዘትና የተማሪውን ውጤት ይመረምራል፤ በአብዛኛው ቢያንስ "ሲ" ይጠይቃል። ተቀባይነት ያገኘ ክሬዲት ሁሉ ግን ለተመረጠው የትምህርት መስክ ላይታሰብ ይችላል። ለምሳሌ ምህንድስና ለማጥናት ያሰበ ተማሪ በካልኩለስ ምትክ ሌላ የሒሳብ ኮርስ ቢወስድ፣ ክሬዲቱ በምርጫ ኮርስነት ብቻ ሊያዝ ይችላል። ካልኩለስ ለቀጣይ ኮርሶች ቅድመ ሁኔታ በመሆኑም የምረቃ ጊዜው ይራዘማል፤ ወጪውም ይጨምራል።

ከምዝገባ በፊት መረጋገጥ የሚገባቸው

• በሁለቱ ተቋማት መካከል የዝውውር ስምምነት መኖሩ። የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅና የጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ "አድቫንስ" የተሰኘ የጋራ ፕሮግራም ለዚህ ምሳሌ ነው።
• እያንዳንዱ ኮርስ በተመረጠው መስክ የሚተካው የዩኒቨርሲቲ ኮርስ። የዩኒቨርሲቲውን ምላሽ በጽሑፍ መያዝ ይመከራል።
• ኮሌጁ የሩብ ዓመት ሥርዓት የሚከተል ከሆነ፣ 3 ክሬዲት በሴሚስተር ሥርዓት 2 ሆኖ እንደሚሰላ።

በዝውውር ወቅት

ተማሪው ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕቱ ከኮሌጁ በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው እንዲላክ ያደርጋል። የወሰዳቸውን ኮርሶች ዝርዝር መግለጫ ጠብቆ መያዝም ይኖርበታል፤ አንድ ኮርስ ውድቅ ቢደረግ ድጋሚ እንዲታይ ለመጠየቅ በማስረጃነት ያገለግላል። የኮሌጁ አማካይ ውጤት ለቅበላና ለነጻ የትምህርት ዕድል ወሳኝ ቢሆንም፣ በአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች አዲሱ አማካይ ውጤት ከመጀመሪያው ጀምሮ ይሰላል።

በኤፍ-1 የተማሪ ቪዛ የሚማሩ በተጨማሪ የሴቪስ መዝገባቸው ወደ ዩኒቨርሲቲው እንዲተላለፍ የኮሌጁን የውጭ አገር ተማሪዎች ኃላፊ መጠየቅና ከዩኒቨርሲቲው አዲስ የአይ-20 ቅጽ መቀበል ይጠበቅባቸዋል። ክሬዲት ተላለፈ ማለት የቪዛ መዝገቡም ተላለፈ ማለት አይደለም፤ ሁለቱ በየራሳቸው የሚፈጸሙ ጉዳዮች ናቸው።