የሞተ ሰው ስንት ያወጣል? ከቱሉ ፈራ እስከ ቺካጎ

ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ በአሮጌው መንገድ ስትሄዱ ሞጆን አልፋችሁ ቢሾፍቱ ትደርሳላችሁ። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ በጊምቢቹ ወረዳ፣ ቱሉ ፈራ የሚባል የገበሬ መንደር አለ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ወደ ናይሮቢ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን በተነሳ በ6 ደቂቃው የወደቀው እዚያ ነው። 157 ሰው አለቀ። ከሳምንት በኋላ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቀብር ሲደረግ ሣጥኖቹ ባዶ ነበሩ። ለቤተሰብ የተሰጠው ከቦታው የተዛቀ አፈር ነው።

በእኛ አገር ለቅሶ ቤት ውስጥ ካሣ የሚል ቃል ማንሳት ነውር ነው። "ገና አፈሩ ሳይደርቅ!" ተብሎ ሰው ይገሠጻል። ነውርነቱ ይገባኛል። ግን ሕግ ለቅሶ አያውቅም፣ ቀን ይቆጥራል።

የቱሉ ፈራ ጉዳይ የሄደው ወደ ቺካጎ ነው፤ የቦይንግ ዋና መሥሪያ ቤት ያኔ እዚያ ስለነበረ። ከዚያ በፊት ጥቅምት 2011 ኢንዶኔዢያ ውስጥ ሌላ ማክስ ወድቆ 189 ሰው ሞቷል። የሁለቱም አደጋ መነሻ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚጫነው ኤምካስ የተባለው ሲስተም ነበር። ታኅሣሥ 2013 ላይ ቦይንግ ከአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጋር በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ተስማማ። እስቲ አከፋፈሉን እዩት፦ 1.77 ቢሊዮኑ ለአየር መንገድ ደንበኞቹ፣ 500 ሚሊዮኑ ለ346ቱ ሟቾች ቤተሰቦች። ሲካፈል በአንድ ሟች 1.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ማለትም መሬት ላይ ለቆሙ አውሮፕላኖች የተመደበው ገንዘብ ለሞቱት ሰዎች ከተመደበው ከ3 እጥፍ በላይ ነው።

ኅዳር 2014 ላይ ኩባንያው በፍታብሔር ክሱ ለኢትዮጵያው አደጋ ኃላፊነቱን ተቀበለ፤ ቤተሰቦቹም የቅጣት ካሣ መጠየቃቸውን ተዉ። ከዚያ በኋላ የቀረው ጥያቄ "ስንት?" የሚለው ብቻ ሆነ። አብዛኞቹ ቤተሰቦች መጠኑ በምስጢር በተያዘ ስምምነት ጨረሱ። የመጀመሪያው የዳኞች ጉባዔ ውሳኔ የተሰማው ኅዳር 2018 ነው፤ ለአንዲት ሟች ቤተሰብ ከ28 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተፈረደ። አደጋው ከደረሰ 6 ዓመት ከ8 ወር በኋላ ማለት ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ያው አሮጌ መንገድ ላይ፣ ወይም ከሞጆ ወደ ዝዋይና ሻሸመኔ በሚወስደው ላይ፣ አንድ የጭነት መኪና የባጃጅ ሾፌር ቢገጭና ቢገድል ቤተሰቡ ምን ያገኛል? የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2095 የሟች ባል ወይም ሚስት፣ ወላጆችና ልጆች በራሳቸው ስም ካሣ መጠየቅ እንደሚችሉ ይላል። አንቀጽ 2081 ደግሞ የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። እስከዚህ ጥሩ ነው።

ችግሩ ቁጥሩ ላይ ነው። ለኀዘን፣ ማለትም ለሞራል ጉዳት፣ አንቀጽ 2116 ያስቀመጠው ጣሪያ 1 ሺህ ብር ነው። ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ሲሆን ያኔ 1 ሺህ ብር ወደ 400 የአሜሪካ ዶላር ነበር። ዛሬ 10 ዶላር አይሞላም። ቁጥሩን ማንም አልቀነሰውም፤ የዋጋ ንረት ነው ዝም ብሎ የበላው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799ም ለሞት ያስቀመጠው ጣሪያ 40 ሺህ ብር ነበር። ኢኮኖሚክስ ስንማር የዋጋ ንረት ግብር ነው ይሉን ነበር። እዚህ ጋ ግብሩን የከፈለው ሐዘንተኛው ነው።

ሁለተኛው ችግር ማስረጃ ነው። ቺካጎም ሆነ አዳማ የኑሮ መደገፊያ ካሣ የሚሰላው ሟቹ በሕይወት ቢኖር ቤተሰቡን ምን ያህል ይደግፍ ነበር ተብሎ ነው። ደመወዝተኛ ከሆነ የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ይበቃል። ባጃጅ ነጂው፣ ጉልት ሻጯ፣ የቀን ሠራተኛውስ? ገቢያቸው ወረቀት ላይ የለም። ስለዚህ የዕቁብ ደብተር፣ የባንክና የቴሌብር እንቅስቃሴ፣ የባጃጅ ኪራይ ውል፣ የጎረቤት ምስክር፣ እነዚህን ሁሉ መሰብሰብ ያስፈልጋል። ሰብሳቢ የሚገኘው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ ከዓመት በኋላ ምስክሩም ሰፈር ይቀይራል፣ ደብተሩም ይጠፋል።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። በአንቀጽ 2143 መሠረት ክስ ማቅረቢያው በመሠረቱ 2 ዓመት ነው። ድርጊቱ ረዘም ያለ የይርጋ ጊዜ ያለው ወንጀል ከሆነ ሊረዝም ይችላል፤ ግን በዚህ ተስፋ አድርጎ መቀመጥ አያዋጣም።

በኦሮሚያ ይኼን ክፍተት ለዘመናት ሲሞላ የኖረው ጉማ ነው። ጃርሳ ቢያ፣ ማለትም የአገር ሽማግሌዎች፣ ይቀመጣሉ፤ የገዳይ ወገን ይክሳል፣ ደም ይደርቃል። ዛሬ ለመኪና አደጋም ይሠራበታል። ቂም ያስቀራል፣ ቶሎ ይደርሳል፣ ኀዘኑንም በአደባባይ ያከብራል። የ1 ሺህ ብሩ አንቀጽ ይኼን አያደርግም። ግን ሽማግሌ ፊት የሚፈረም ወረቀትም ወረቀት ነው። ኢንዶኔዢያ ውስጥ ካሣውን ለማግኘት "ከእንግዲህ ማንንም አልከስም" የሚል ሰነድ የፈረሙ ቤተሰቦች ነበሩ፤ በኋላ ቦይንግን ለመክሰስ ሲነሱ ያው ፊርማ እንቅፋት ሆነባቸው።

እና ለቅሶ ቤት ስትሄዱ ንፍሮና ውኃ ይዛችሁ ሂዱ፣ አልቅሱ፣ አጽናኑ። ግን ከዕድሩ ሰዎች አንዱ፣ ቢቻል ፊደል የቆጠረው፣ ሰልስት ሲያልፍ ቤተሰቡን ቀስ ብሎ ይጠይቅ፦ የፖሊስ ሪፖርቱ ቁጥር ተያዘ? የሐኪም ማስረጃው ወጣ? የሰጡአችሁን ወረቀት ሳይነበብላችሁ እንዳትፈርሙ። ይኼ ገንዘብ መውደድ አይደለም። ሟቹ ቢኖር ለልጆቹ የሚያደርገውን ማድረግ ነው።

የ1 ሺህ ብሩን ጣሪያ ማንሳት ግን የዕድር ሥራ አይደለም። እሱ የፓርላማ የቤት ሥራ ነው።