ከላይ ያለው ለታችኛው ያስብ

የሰሜን ወሎው የራያ ቆላ ዝናብ አጠር ነው። በቆቦ አካባቢ ገበሬው ክረምት ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ እየጠለፈ ማሽላውን ያጠጣል። ይህ በአንድ ሰው ጉልበት አይሆንም፤ ተባብሮ መከተርን ይጠይቃል። ከላይ ያለው ሁሉን ካስቀረ የታችኛው ጦሙን ያድራል። ተራራው ከተራቆተ ደግሞ ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል። የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ይህን አገር እንዴት እንደጎዳው አንረሳም።

እግዚአብሔር ሰውን በገነት ያኖረው እንዲሠራባትና እንዲንከባከባት ነው (ዘፍ. 2፥15)።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ነገ አዳሪ ትምህርት ቤት ይገባ ይሆናል። በዚያ ብዙዎች ከአንድ ቧንቧ ይቀዳሉ። ከኋላው ለተሰለፈው አስቦ ቧንቧውን የሚዘጋው፣ የተከለውን ችግኝ የሚያጠጣው ከቤቱ ከተማረ ነው። እንግዲህ ዛሬ አትክልት ያጠባችሁበትን ውኃ አትድፉት፤ ልጃችሁ ችግኝ ያጠጣበት።