ልጅ ያልታሰበባቸው ፓርኮች

በብሔራዊ ፓርኮቻችን ታሪክ ውስጥ ልጅ የሚባል እንግዳ የታሰበበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከዩኔስኮ የመጡ ባለሙያዎች የዱር ሀብታችንን አይተው ምክር ሲሰጡ፣ ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ1969 አዋሽና የሰሜን ተራሮች በሕግ ሲከለሉ፣ የተፈለገው ሳላንና ዋልያን ከጥይት ማዳን፣ በዚያውም የውጭ ምንዛሪ የሚያመጣ ጎብኚ መሳብ ነበር። ዓላማው አይነቀፍም። ያ ባይደረግ ኖሮ ዋልያ ዛሬ የእግር ኳስ ቡድናችን ቅጽል ስም ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር። ሆኖም ያን ጊዜ የተተከለው አሠራር ከቦታው ብዙም ፈቀቅ አላለም። የሚጠበቀው እንግዳ አሁንም ሻንጣውን በበቅሎ አስጭኖ፣ አስጎብኚና አብሳይ ቀጥሮ፣ ሦስት አራት ቀን በእግሩ እየሄደ በድንኳን የሚያድር ጎልማሳ ነው። አንዱን አዝላ ሌላውን በእጇ ይዛ የምትመጣ እናት በዚህ ዕቅድ ውስጥ የለችም። የአገሬው ቤተሰብ ፓርክ የማይሄድበት ዋናው ምክንያትም እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ፓርኩ አልጠበቀውም።

ከምሥራቅ ጎጃሟ ደብረ ወርቅ ወደ ሰሜን ተራሮች የሚነሳ ቤተሰብ ምን እንደሚገጥመው እንመልከት። ሚኒባስ ኮንትራት ይዞ በሞጣ በኩል ባሕር ዳር ይደርሳል። ከዚያ ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከጎንደር ደባርቅ ደግሞ 100 ያህል ይቀራል። ሕፃናት ተይዞ በአንድ ቀን የሚገፋ መንገድ አይደለም። ደባርቅ ላይ ተመዝግቦ፣ ከፍሎ፣ ስካውት የሚባለውን ጠባቂ አስከትሎ ሲገባ የሚያገኘው የመጀመሪያ ማደሪያ ሳንቃበር 3,250 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ሌላው ማደሪያ ጨነቅ ደግሞ ከ3,600 ይበልጣል። ሌሊቱ ውርጭ ነው። ትንሽ ልጅ የከፍታ ሕመም ሲይዘው ራሴን አመመኝ አይልም። ምግብ እምቢ ይላል፣ ይነጫነጫል፣ እንቅልፍ ያጣል፤ ወላጁም የመንገድ ድካም ነው ብሎ ያልፈዋል። ደጋ ላይ ያደገ የጎጃም ልጅ ከዋሽንግተን ከሚመጣው የአክስቱ ልጅ የተሻለ ይቋቋመዋል፤ ቢሆንም ቀን ፓርኩን አሳይቶ ማታ ደባርቅ መልሶ ማሳደር እንደሚሻል ለወላጅ አስቀድሞ መንገር የፓርኩ ሥራ ሊሆን ይገባል።

«የእኛ ሰው ልጅ ይዞ ለሽርሽር መሄድ ልማዱ አይደለም» የሚሉ አሉ። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም፣ ታኅሣሥ 19 ለቁልቢ ገብርኤል፣ ለገና ላሊበላ የሚነሳውን አውቶቡስ ያየ ሰው ይህን አይልም። ደብረ ወርቅ ራሷ በማርያም ቤተ ክርስቲያኗ የተነሳ የሩቅ መንገደኛ ስትቀበል የኖረች ከተማ ናት። የጉዞ ማኅበሩ ገንዘቡን ከወራት በፊት ጀምሮ በትንሽ በትንሹ ይሰበስባል። በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ጭኮ ይቋጠራል። መኪናው ጠመዝማዛውን ሲይዝ ሎሚ ከፊት ወንበር እስከ ኋላ ይተላለፋል፤ አንዷ ለማታውቀው ልጅ ፌስታሉን ትይዝለታለች፣ ሌላዋ መዝሙር ታነሳለች፣ ልጁም ማቅለሽለሹን ረስቶ ያጨበጭባል። ሲደረስ ውሃው በየት በኩል እንደሆነ፣ ሽንት ቤቱ የት እንዳለ፣ ልጅ ያላቸው የትኛው ጥግ እንደሚያድሩ የሚያውቅ አስተባባሪ አለ። አንድም የቱሪዝም ፖሊሲ ይህን አላስተማረም። እርግጥ ነው፣ ምእመኑ የሚጓዘው ለበረከት ነው፤ ዋልያ ለማየት ያን ያህል አይንገላታም ይባል ይሆናል። የልቡ ምክንያት ይለያይ፤ የሚያስፈልገው መኪና፣ ስንቅ፣ ማደሪያና ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ግን ያው ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ አዲስ አበባ ነው። በ2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ፣ በ2013 ዓ.ም. እንጦጦ ፓርክ ሲከፈቱ ቤተሰብ ከነልጁ ጎረፈ። ዋጋው ይወደዳል የሚለው ቅሬታ ተገቢ ነው፤ በግቢ ውስጥ ያለ አንበሳም ገደል ላይ ከቆመ ዋልያ ጋር አይወዳደርም። ግን ንጹሕ ሽንት ቤት፣ መቀመጫና ልጅ የሚሮጥበት ሜዳ ሲገኝ ሕዝቡ እንደሚመጣ ታይቷል።

ከሁሉም የሚገርመው የቀን መቁጠሪያው ነው። ተማሪ ረጅም ዕረፍት የሚያገኘው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ያን ጊዜ የሰሜን ተራሮችም ሆነ የጎጃሙ ጮቄ ተራራ በጉም ተሸፍኖ መንገዱ ጭቃ ነው። ጥርት ያለው ወቅት ከመስከረም መጨረሻ እስከ የካቲት ሲሆን ልጆቹ ክፍል ውስጥ ናቸው። መሐል ላይ የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና እንዳለቀ የምትገኝ አጭር ዕረፍት አለች፤ ሰማዩ ጠርቶ፣ መንገዱ ደርቆ፣ አዝመራው ተሰብስቦ፣ ገበሬውም ትንሽ ፋታ አግኝቶ የሚገኝባት ሳምንት። ትምህርት ቤትና ፓርክ የሚነጋገሩ ቢሆን ኖሮ ይህች ሳምንት የልጆች የጉዞ ሳምንት በሆነች ነበር።

የገጠር ልጅ ተራራና ዝንጀሮ ብርቁ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። እረኛው ልጅ ከየትኛውም አስጎብኚ በላይ የሚያውቀው ነገር አለ፤ የትኛው ሣር ከብት እንደሚነፋ፣ የትኛው ምንጭ በሚያዝያ እንደሚደርቅ ያውቃል። የሚያውቀው ግን የመንደሩን መሬት ነው። ከብት የማይነዳበት፣ እንጨት የማይለቀምበት መሬት ለምን እንደሚከለል ካልታየው፣ አድጎ ፓርክ ሲባል የሚመጣለት ከልካይ ጠመንጃ ያዥ ብቻ ነው። የሰሜን ተራሮች ታሪክ ይህን ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከመጀመሪያዎቹ 12 አንዱ ሆኖ የተመዘገበው ፓርክ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 በአደጋ ላይ ካሉት ተርታ ሰፍሮ የቆየው በእርሻ፣ በግጦሽና በሰፈራ ጫና ጭምር ነው፤ ከመዝገቡ እንዲወጣ ከተደረጉት ነገሮች አንዱም የግጭ መንደር ከ400 በላይ አባወራዎች ወደ ደባርቅ መዛወር ነበር። መንደር ከማንሳት ልጅ ይዞ ማስጎብኘት ይረክሳል፤ በአጥር ከመጠበቅም የሚያየውን የሚወድ ትውልድ ማሳደግ ይበልጣል።

ለምሥራቅ ጎጃም ቤተሰብ መጀመሪያው ደባርቅ መሆን የለበትም። ጮቄ አለ። ጫፉ ወደ 4,100 ሜትር የሚጠጋው ይህ ተራራ የዓባይ ገባር ወንዞች መፍለቂያ ነው፤ ከደብረ ማርቆስ በሮብ ገበያ በኩል ወደ ድጓ ጽዮን የሚሄደው መንገድም በላዩ ያልፋል። ጠዋት ወጥቶ ማታ ቤት መግባት ይቻላል። ጅብራው ከሰው ቁመት በላይ ቆሞ፣ ጓሳው በነፋስ ሲተኛ፣ ውሃው ከሣሩ ሥር ሲንጠባጠብ ለልጅ ማሳየት የዓባይን ትምህርት ከመጽሐፍ አውጥቶ እግሩ ሥር ማኖር ነው። የተራራው ቁስልም ይታያል፤ አስታው ተመንጥሮ ገብስና ድንች የሚታረስበት ቁልቁለት፣ ጎርፍ የሸረሸረው ማሳ። በሌላ በኩል የዓባይ በረሃ አለ፤ ከደጀን ወደ ድልድዩ ሲወረድ ደጋው በአንድ ሰዓት ውስጥ ቆላ ይሆናል፣ የገደሉም ድንጋይ ቀለሙን እየቀየረ ይሄዳል። ስንቱ ልጅ ያን ሁሉ በመጋረጃ ተሸፍኖ፣ ተኝቶ ያልፈዋል!

ብዙ ሰው በሄደ ቁጥር ጅብራው ይረገጣል፣ ፌስታል ይበተናል የሚለው ስጋት እውነትነት አለው። ለዚህ የተወሰነ መውጫ መንገድ፣ የቆሻሻ ቦታና ከአካባቢው ወጣቶች የተመረጠ ጠባቂ ያስፈልጋል። ከባዱ የጸጥታው ነገር ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭት የጎጃምን መንገድ ለነጋዴውም ለታማሚውም አስፈሪ አድርጎታል፤ መንገዱ ሰላም ካልሆነ ልጅ ይዞ ውጡ የሚል ምክር ከማንም አይጠበቅም። ሆኖም ሰላም በሆነ ማግስት የሚጀመር ነገር ዛሬ መታሰብ አለበት፤ ካልሆነ ያኔም መጀመሪያ የሚሠራው በዶላር የሚከፈልበት ሎጅ ይሆናል። የዞኑና የክልሉ የባህልና ቱሪዝም ኃላፊዎች ከሎጁ በፊት ጮቄ አናት ላይና ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ሽንት ቤት፣ የሚጠጣ ውሃና ከነፋስ የሚያስጥል መጠለያ ይሥሩ። ትምህርት ቢሮውም የመንፈቅ ዓመቷን ዕረፍት ለልጆች ጉዞ ይስጥ፤ አውቶቡስ ማሰናዳቱን ለጉዞ ማኅበራቱ መተው ይቻላል።