በጉ ይሰቀላል፤ በሬውስ?

በዓል በዋለ ቁጥር በየግቢው የሚታይ ሥራ አለ። በጉ ከታረደ በኋላ የኋላ እግሩ ጅማት በቢላ ይበሳና በገመድ ከዛፍ ቅርንጫፍ ወይም ከበረንዳ አግዳሚ ላይ ይሰቀላል። አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ፣ ቢላውን እምብዛም ሳይጠቀም፣ ቆዳውን በጡጫው እየገፋ ይገፍፈዋል። ሥጋው አፈር አይነካውም።

የቅርጫው በሬ ጋ ሲደረስ ግን ነገሩ ይለወጣል። 300 ኪሎ ግራም የሚጠጋ እንስሳ ማን አንሥቶ ይሰቅለዋል? ቅጠል ይነጠፍና መሬት ላይ ይገፈፋል፤ የራሱ ቆዳም ምንጣፍ ይሆናል። ለቅርጫ ይህ ያስኬድ ይሆናል። ችግሩ በትንንሽ ከተሞች የሚገኙ ቄራዎችም በሬውን በዚያው መንገድ ሲሠሩት ነው። ደም፣ ፈርስና ውኃ በተቀላቀለበት ሲሚንቶ ላይ ሁለት ሦስት ሰዎች በድኑን ያገላብጡታል። ወለሉ ላይ ያለው ቆሻሻ ወደ ሥጋው ይሄዳል፤ ጎንበስ ብሎ የሚሠራው ገፋፊ ቢላውም ወደ ቆዳው ይገባል።

መፍትሔው ለበጉ የተደረገውን ለበሬውም ማድረግ ነው። ከወለሉ ከፍ ብሎ በብረት ምሰሶዎች ላይ የተዘረጋ አንድ ሐዲድ፣ በሐዲዱ ላይ የሚሽከረከሩ ባለ ጎማ መንጠቆዎች፣ መነሻው ላይ ደግሞ ማንሻ ያስፈልጋል። እርዱ እንደየእምነቱ ሥርዓት ከተፈጸመ በኋላ በሬው በኋላ እግሩ ይነሣል፤ ደሙ ተንጠልጥሎ ይፈስሳል። ከዚያ አንድ ሰው በእጁ እየገፋ ከገፋፊው ወደ ሆድ ዕቃ አውጪው፣ ከዚያም ወደ መርማሪው ያደርሰዋል። ሠራተኛው በቦታው ይቆማል፤ የሚሄደው ሥጋው ነው። የመኪና አምራቹ ሄንሪ ፎርድ በ1913 እ.ኤ.አ. ለሥራ ላይ ላዋለው ተንቀሳቃሽ የመገጣጠሚያ መስመር ሐሳቡ በጥቅሉ የመጣው የቺካጎ ሥጋ አዘጋጆች ከሚጠቀሙበት ከዚህ ሐዲድ እንደሆነ ራሱ ጽፏል። ቄራ ፋብሪካን አስተማረ ማለት ነው።

በሞጆና በቢሾፍቱ አካባቢ የበግና የፍየል ሥጋ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚልኩ ቄራዎች ያለ ሐዲድ አይሠሩም። የወረዳ ከተማ ቄራ ግን የእነርሱን ያህል ማሽን አያሻውም። በቀን ጥቂት በሬ ለሚያርድ ቄራ አንድ ቀጥ ያለ ሐዲድና ጋራዦች ሞተር የሚያወጡበት ዓይነት፣ አንድ ቶን የሚችል የእጅ ሰንሰለት ማንሻ ይበቃል። መብራት ቢጠፋም ይሠራል። የክርስቲያንና የሙስሊም እርድ ለየብቻ ስለሆነ ግን ሐዲዱም ሁለት መሆን አለበት፤ በጀት ሲያዝ ይህ ይዘነጋል።

ጥንቃቄው በዋጋው ልክ አይቀነስም። ሐዲዱን ከጣሪያው እንጨት ጋር ማሰር አደጋ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ እንዲሸከም እንጂ የሚወዛወዝ በሬ እንዲሸከም አልተሠራም። ሐዲዱ የራሱ ምሰሶ ይኑረው። ጫፉ ላይ ማቆሚያ ከሌለ መንጠቆው ከነሥጋው ወጥቶ ይወድቃል። ማንሻው የሚችለው ክብደት በጉልህ ይጻፍበት፤ በተንጠለጠለ ሸክም ሥር ማንም አይለፍ። የተበላ ሰንሰለት ይለወጣል እንጂ በሽቦ አይቀጠልም። የቄራ እርጥበት ብረትን ቶሎ ያዝገዋልና ዚንክ የተቀባ ብረት መምረጥ ይበጃል።

ወጪውን ቆዳው ይመልሳል የሚል ክርክር ይሰማል። በሬ ተሰቅሎ ሲገፈፍ የቢላ ቁርጥ በእጅጉ እንደሚቀንስ እውነት ነው፤ የተበሳሳ ቆዳም ደረጃው ይወርዳል። ሆኖም በበዓል ማግስት የበግ ቆዳ መንገድ ዳር ተጥሎ በሚታይበት በዚህ ዘመን በቆዳ ገቢ ላይ ብቻ ማስላት አያዋጣም። ሐዲዱን በመጀመሪያ የሚያስፈልገው የሥጋው ንጽሕናና የሠራተኛው ወገብ ነው።

ሐዲድ ባላቸው ቄራዎችም ቢሆን አንድ ጉድለት ይታያል። ሐዲዱ ከመጫኛው በር ጥቂት ሜትር ሲቀረው ያበቃል። እዚያ ድረስ ምንም ሳይነካው የመጣ ሥጋ ከመንጠቆው ወርዶ በሰው ትከሻና በላብ በራሰ ጋዋን ላይ ተጭኖ ወደ መኪናው ይሄዳል። አዲስ ለሚሠራ ቄራ እነዚያን ጥቂት ሜትሮች እስከ መኪናው በር መጨመር ከግንባታው ሁሉ ርካሹ ሥራ ነው።