ቡናው ስቶክሆልም ደርሷል፤ «ቡና ጠጡ» ባዩስ?

ባለፈው ግንቦት እናቴ የልጅ ልጇን ልታይ ስቶክሆልም መጣች። በሦስተኛው ቀን ከቤታችን የአምስት ደቂቃ መንገድ ወዳለችው የሰፈር ካፌ ይዣት ሄድኩ። ስምንት ጠረጴዛ ብቻ ያላት ትንሽ ካፌ ናት። ከመግቢያው በስተግራ የሕፃናት ጋሪ የሚቆምበት ቦታ አለ፤ ጥግ ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ የእንጨት መጫወቻ ተበትኗል። ሰሌዳው ላይ የዕለቱ ቡና በጠመኔ ተጽፏል፦ ይርጋጨፌ፣ የታጠበ፣ 2,000 ሜትር፣ ዝርያ 74110፤ ጃስሚን፣ ሎሚ፣ ኮክ።

እናቴ ፊደል እየቆጠረች «ይርጋጨፌ» የሚለውን አነበበችና ፊቷ በራ።

«የእኛው ይርጋጨፌ ነው?»

«የእኛው ነው።»

«ስንት ይላል?»

«45 ክሮና።»

«በብር ስንት ይመጣል?»

ወሬ ቀየርኩ።

ቡናው በመስታወት ማንቆርቆሪያ መጣ። ቀላ ያለ፣ ወዲያ ማዶ የሚያሳይ ነው። አንዴ ፉት አለችና «ልጄ፣ ይሄ ሻይ ነው» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «አልተቆላም እኮ! እሳት አሳይተው ነው ያወጡት» አለች። ባሪስታው ምን እንዳለች ጠየቀኝ። «በጣም ወዳዋለች» አልኩት።

ጨርሳ ስኒውን አስቀመጠችና ወደ ባንኮኒው ማየት ጀመረች። የምትጠብቀው ነገር እንዳለ ገባኝ።

«ቶናው አይመጣም እንዴ?»

ይቺ ጥያቄ ናት ይህን እንድጽፍ ያደረገችኝ።

መጀመሪያ ግን ስለ ሰሌዳው ትንሽ ልበል፤ ምክንያቱም እዚያ ላይ የተጻፈው ቀላል ነገር አይደለም። «ስፔሻሊቲ ቡና» የሚለው ስም ከ1974 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተለመደ ነው፤ ኤርና ክኑትሰን የተባለች በካሊፎርኒያ ትሠራ የነበረች የቡና ነጋዴ ናት ያስተዋወቀችው። በተለምዶ ትርጉሙ በቁጥር ይገለጻል፤ የሠለጠኑ ቀማሾች ከ100 ነጥብ 80 እና ከዚያ በላይ የሰጡት ቡና ማለት ነው። 74110 ደግሞ መጀመሪያ ሳየው የሶፍትዌር ቨርዥን መስሎኝ ነበር (የሙያ በሽታ ነው)። የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የቡና ፍሬ በሽታን እንዲቋቋም ከደን ቡና መካከል መርጦ ያወጣው ዝርያ ነው፤ «74» የሚለው ዓመተ ምሕረቱን ያመለክታል። ስቶክሆልም ያለ ወጣት ባሪስታ የጅማን ምርምር ቁጥር በቃሉ ያውቃል። እኔ ከአገሬ ስወጣ አላውቀውም ነበር።

ይህ ሁሉ ዝርዝር ሰሌዳ ላይ የደረሰውም በቀላሉ አይደለም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ ሲጀምርና ቡና በዚያ በኩል እንዲሸጥ ሲደረግ፣ ቡናው በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ስለሚቀላቀል የገበሬው ወይም የማጠቢያ ጣቢያው ስም መንገድ ላይ ይጠፋ ነበር። ከ2017 በኋላ ሕጉ ላላ ሲል ነው ብዙ አምራቾች በራሳቸው ስም ወደ ውጭ መላክ የጀመሩት። እ.ኤ.አ. በ2020 ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የተባለው ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲካሄድ፣ አንደኛ የወጣው የሲዳማ ገበሬ ቡና በጨረታ በፓውንድ ከ180 ዶላር በላይ ተሸጠ። እንዲህ ያለ ዋጋ የሚደርሰው ለጥቂቶች ነው፤ አብዛኛው ገበሬ ይህን ገንዘብ በሕልሙም አያየውም። ቢሆንም ስሙ መጻፉ ራሱ አንድ ነገር ነው።

ነገር ግን ሰሌዳው የጻፈው ስለ ፍሬው ብቻ ነው። ከፍታው አለ፣ ዝርያው አለ፣ አስተጣጠቡ አለ። ፍሬው ባደገበት አገር ቡና ብቻውን የማይጠጣ መሆኑ፣ ሦስት ዙር እንዳለው፣ ጎረቤት ካልተጠራ እንደማይፈላ፣ እሱ አልተጻፈም።

እኔም ብሆን ይህን ካፌ መጀመሪያ የወደድኩት ለፍሬው ነው። ማስተርሴን ጨርሼ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ላፕቶፔን ይዤ እሄድ ነበር። ጆሮዬ ላይ ሄድፎን፣ ፊቴ ኮድ፣ አጠገቤ አንድ ቡና። ምንጣፉ ላይ ያሉት ልጆች ሲጮሁ ጥርሴን እነክሳለሁ። አንድ ቀን «ቅዳሜና እሁድ ላፕቶፕ አይከፈትም» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። አኩርፌ ሁለት ወር ቀረሁ። አንድ ቡና ገዝቶ ለአራት ሰዓት ወንበር የሚይዝ ሰው መሆኔ ያኔ አልታየኝም።

ከዚያ በጥቅምት መጨረሻ ልጃችን ተወለደ። እዚህ አገር አባት ልጅ ሲወለድ አሥር የሥራ ቀን ያገኛል፤ አሥሩ ቀን አለቀና ወደ ሥራ ተመለስኩ። የባለቤቴ እናት ሊመጡ ነበር፤ ቪዛው ዘገየ፣ ከዚያም ተከለከለ። አገር ቤት ቢሆን ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ጎረቤቱ ይገባል፣ ገንፎው ይገነፋል፣ ቡናው በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይፈላል፣ አራሷ ብቻዬን ልሁን ብትል እንኳ የሚሰማት የለም። ስቶክሆልም ውስጥ ደግሞ በኅዳር ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትጠልቃለች። ጎረቤቶቻችን ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ደረጃ ላይ ሰላም ይላሉ፣ በራቸውን ይዘጋሉ።

አንድ ማታ ስገባ ባለቤቴ መብራት ሳታበራ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። «ዛሬ ከልጁ ሌላ ያናገርኩት ሰው የለም» አለችኝ። «አሁን አንተን ሳናግር ድምፄ እንግዳ ሆነብኝ።» የምለው ጠፋኝ። ነገ ትንሽ ወጣ በይ አልኳት፤ ሌላ ምን እላለሁ?

በማግሥቱ ጋሪውን እየገፋች ወደዚያች ካፌ ሄደች። ያዘዘችው ተራ ማኪያቶ ነው። አጠገቧ ያለች ሴት ልጅ ታቅፋ ነበርና «ስንት ወሩ ነው?» ብላ ጠየቀቻት። በቃ፣ ይኸው ነው። ጥር ሲገባ ማክሰኞ ማክሰኞ የምትቀመጥበት ጠረጴዛ ነበራት፤ አንዷ ስዊድናዊት፣ አንዷ ፖላንዳዊት፣ አንዷ ደግሞ ሁለት ፎቅ ራቅ ብላ የምትኖር፣ እስከዚያ ቀን ድረስ የማናውቃት ኤርትራዊት። አንድ ሕንፃ ውስጥ ሦስት ዓመት ኖረን የተገናኙት በይርጋጨፌ ሰሌዳ ሥር ነው።

በሚያዝያ ተራው የእኔ ሆነ። የስዊድን ሕግ ለአንድ ልጅ 480 ቀን የሚከፈልበት የወላጅ ፈቃድ ይሰጣል፤ ከዚህ ውስጥ 90ው ቀን ለእናት፣ 90ው ለአባት የተለየ ስለሆነ አንዱ ለሌላው ማስተላለፍ አይችልም። አባት ካልተጠቀመበት ይቃጠላል። ስለዚህ በሥራ ሰዓት ካፌ ውስጥ ጋሪ ይዘው የሚቀመጡ አባቶች ከመብዛታቸው የተነሳ ስም ወጥቶላቸዋል፤ «ላቴፓፓ» ይሏቸዋል። እኔም ላቴፓፓ ሆንኩ። ድሮ ጥርሴን የነከስኩባት ምንጣፍ ላይ ተንበርክኬ የእንጨት ላም ስነዳ ራሴን አገኘሁት።

እዚህ ላይ ስለ እኛ ካፌዎች ሳልናገር ብቀር ደስ አይለኝም። ባለቤቴ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ የሐበሻ ካፌ ሞክራ ነበር። ክፉ ያናገራት የለም፤ እንዲያውም አንዱ ብድግ ብሎ ወንበር ለቆላታል። ግን በሩ ላይ ደረጃ አለ፣ ቴሌቪዥኑ የፖለቲካ ክርክር ይጮህበታል፣ ደጁ ላይ ሲጋራ ይጨሳል፣ ልጅ የሚያጠቡበት ጥግ የለም። ከእሷ ሌላ ሴት አስተናጋጇ ብቻ ናት። ሃያ ደቂቃ ቆይታ ወጣች። ረከቦቱ ደግሞ መስኮቱ ሥር ለጌጥ ተቀምጧል፤ የሚፈላው ፈረንጅ በቡድን ቀጠሮ ሲይዝ ነው።

ችግሩ ከስሙ ይጀምራል ብዬ አስባለሁ። አማርኛችን ውስጥ «ቡና ቤት» ያልነው ቢራ የሚሸጥበትን ነው። ቡናው በእናቶቻችን እጅ ቤት ቀረ፤ አደባባይ የወጣው የወንዶች ወንበር ሆነ። ስንሰደድ ይዘን የወጣነው ሁለተኛውን ነው። ለመጀመሪያው ግቢ ያስፈልጋል፣ ጎረቤት ያስፈልጋል፣ ጭስ የማይጮህበት ጣሪያ ያስፈልጋል።

የካፌ ባለቤቶቻችን ኪራይ እንዴት እንደሚያንገበግባቸው አውቃለሁ። እነዚያ ካፌዎች ስንቱን አዲስ መጪ ሥራና ቤት እንዳገናኙትም አውቃለሁ፤ እኔን ራሴን የመጀመሪያዋን ክፍል ያስገኘልኝ እንዲህ ያለ ካፌ ነው። የምለምነው በሳምንት አንድ ጠዋት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ቴሌቪዥኑ ይጥፋ። ጥግ ላይ ምንጣፍ ይነጠፍ። ጀበናው ከመስኮት ይውረድና እስከ በረካ ይቀዳ። ምናልባት የመጀመሪያው ወር ኪሳራ ይሆናል። ግን እናት የመጣችበት ቤት አባትም ልጅም አያትም ይመጡበታል፤ ይህን የሰፈሬ ካፌ ባለቤት ቅዳሜ ስንት ዳቦ እንደሚሸጥ ሳይ ተረድቼዋለሁ።

ባህል ነውና አይለወጥም የሚል ካለ ደግሞ፣ ቡና ራሱ ስንት ጊዜ ቤት እንደቀየረ ያስታውስ። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1756 ቡናን በሕግ ከለከለች፤ እስከ 1820ዎቹ ድረስም ደጋግማ ከልክላዋለች። ዛሬ ብዙ ቡና ከሚጠጡ የዓለም አገሮች አንዷ ናት። እኛም ዘንድ የደገኛው ክርስቲያን «የእስላም መጠጥ ነው» ብሎ ለረጅም ዘመን ይሸሸው ነበር። ሪቻርድ ፓንክረስት እንደጻፉት ሁኔታው የተለወጠው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ምኒልክ ራሳቸው ስለጠጡትና አቡነ ማቴዎስ የካህናቱን ጥርጣሬ ስላለዘቡት ነው። ዛሬ ቡና የሌለበት የክርስቲያን ቤት ማሰብ ይከብዳል።

ወደ እናቴ ልመለስ። «ቶናው አይመጣም እንዴ?» ስትለኝ ለባሪስታው ማስረዳት ነበረብኝ። እኛ አገር ቡና ሦስት ነው፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ አንድ ብቻ ጠጥቶ መነሳት ደግ አይደለም አልኩት። ልጁ ሳቀና «እኛም እኮ አለን!» አለኝ። ስዊድኖች ሁለተኛውን ስኒ «ፖቶር»፣ ሦስተኛውን «ትሬቶር» ይሉታል። ፖቶርን ሰምቼው አውቃለሁ፤ በተራ ካፌ የማሽን ቡና ለገዛ ሰው ብዙ ጊዜ በዚያው ዋጋ ይደገምለታል። ትሬቶርን ግን በዚህ ሁሉ ዓመት ሰምቼው አላውቅም። አያቱ እንግዳ ሲመጣ ሦስተኛውን ሳይቀዱ እንደማይለቁ ነገረኝ።

በእጅ የሚንቆረቆረው ውዱ ቡና ፖቶር የለውም። ስለዚህ ልጁ ከትልቁ የማሽን ቡና፣ ጠቆር ካለው፣ ለእናቴ ቀዳላት። ቀመሰችው።

«አየህ? ቡና ይሄ ነው» አለችኝ። የጃስሚንና የኮክ ነገር እዚያው ላይ አበቃ። ሦስተኛውንም ጠጣች።

ስትወጣ ደጅ ላይ የቆመ ጋሪ አየች። ውስጡ ሕፃን ተጠቅልሎ ተኝቷል፤ እናትየዋ ውስጥ ሆና በመስኮት ታየዋለች። ብርድ አየር ለልጅ እንቅልፍ ጥሩ ነው ብለው ያምናሉ አልኳት። «ልጅ ሜዳ ላይ ጥለው ቡና ይጠጣሉ?» ብላ አማተበች። ጋሪው አጠገብ ቆማ እናትየዋ እስክትወጣ አልንቀሳቀስም አለች። አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ጠበቅን።

እናቴ በነሐሴ ተመለሰች። እኛም መስከረም ላይ ከኤርትራዊቷ ጎረቤታችንና ከሁለት የሐበሻ ቤተሰቦች ጋር ሆነን የካፌውን ባለቤት ጠየቅነው፤ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ጠረጴዛ ላይ ጀበና ብናመጣስ? ቡናውን ከእኔ እስከገዛችሁ ድረስ ይቻላል አለ። መቁላቱን ቤታችን በረንዳ ላይ እንጨርሳለን፤ ጠቆር አድርገን፣ በእናቴ ትእዛዝ። ባሪስታው መጀመሪያ ሲያየው ፊቱን አጨማደደ፤ አሁን ግን ስኒውን ይዞ ይቀርባል።

ባለፈው ቅዳሜ አምስት ጋሪ ነበርን። ቦታ ስለጠበበ የእኛን ደጅ አቆምነው፤ ልጁም ተኝቶ ነበር። በረካው ሲቀዳ እናቴ በቪዲዮ ደወለች።

«ልጁ የታል?»

«ውጭ ተኝቷል።»

ዝም አለች። ከዚያ ባለቤቴን አቅርብልኝ አለች።